«ፎከሲንግ ስክሪን መቀየር ብር መጣል ነው» ላሉት ወንድማችን፦ እንደዛ አይደለም

ሰሞኑን ከቴሌግራም ግሩፕ ግሩፕ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ፣ ለኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል፣ አንዱ እንደውም «ነግሬህ ነበር» ብሎ ከሳቅ ጋር ነው የላከው። ርዕሱ «ፎከሲንግ ስክሪን መቀየር ብር መጣል ነው» ይላል። እኔ ከቀየሩት ሰዎች አንዱ ስለሆንኩ ነገሩ ቆንጠጥ አርጎኛል፣ ቢሆንም ልተወው ነበር፣ ግን ትናንት ፎቶ የሚማር አንድ የሰፈር ልጅ መጥቶ «ጋሼ፣ አይጠቅምም አሉ እኮ» ሲለኝ በቃ ልጻፈው አልኩ።

ስለምን እንደምናወራ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ የዲኤስኤልአር ካሜራ ሌንሱን ስታወልቁ ውስጥ ሰያፍ የቆመ መስታወት ታያላችሁ አይደል? ከሱ በላይ ጣሪያው ላይ የተኛች ስስ ፕላስቲክ አለች፣ ያቺ ናት ፎከሲንግ ስክሪን። በሌንሱ የገባው ምስል መስታወቱ ላይ ነጥሮ እሷ ላይ ያርፋል፣ እኛ በቪውፋይንደር (ዓይናችንን በምንደቅንበት ቀዳዳ) የምናየው እሷ ላይ ያረፈውን ነው። በእጅ ፎከስ ስናረግ እንግዲህ ምስክራችን እሷ ብቻ ናት።

ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ከፋብሪካ የመጣው ስክሪን በቂ ነው፣ ፎቶህ ብዥ ካለ ችግሩ ዓይንህና ልምምድህ ነው፣ ወይ ዳዮፕተርህ (ቪውፋይንደሩን ለዓይንህ የምታስተካክልበት መዘውር) ዞሯል፤ አባቶቻችን በዜኒት (የራሺያ የፊልም ካሜራ) ሲያነሱ ማን ስክሪን ቀየረላቸው? ብትቀይረው ቪውፋይንደሩ ይጨልማል፣ ላይት ሜትሩም (የብርሃን መለኪያው) አውቶፎከሱም ይበላሻል። ስፕሊት የሚባለው የስክሪን ዓይነት ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ነው። አሮጌ ሌንስ ካለህ ፎከስ ሲገባ ቪውፋይንደሩ ውስጥ የምትበራዋ አረንጓዴ ነጥብ ወይ ላይቭ ቪው (ምስሉን ከኋላ ኤልሲዲው ላይ ማየት) ይበቃሃል። ራስህ ከነካካኸው አቧራ ታስገባለህ። በዛ ብር ሌንስ ግዛበት፣ ወይ ጠብቅና ሚረርለስ (መስታወት የሌለው ካሜራ) ግባ። ይሄው ነው። ሰውየው ማንንም አልተሳደቡም፣ አጻጻፋቸውም ደስ ይላል፣ እኔም በዛው ልክ ለመመለስ እሞክራለሁ።

እኔ አለም ገና ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ጉርድ ፎቶ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ አልፎ አልፎ ሰርግ። ካሜራዬ ካኖን 60ዲ ነው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ያረጀ ግን ያልሞተ። ከሱ ጋር አጎቴ ከዜኒቱ ጋር የተወልኝ ሄሊዮስ 44-2 የሚባል የራሺያ ሌንስ አለኝ፣ 58 ሚሊሜትር ኤፍ 2 (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ሌንሱ ሰፍቶ ይከፈታል)፣ በአዳፕተር (ማገናኛ ቀለበት) ነው የምገጥመው።

ዋናው ጸቤ «በቂ ነው፣ ችግሩ ዓይንህ ነው» ከሚለው ጋር ነው። ክርክር አያስፈልገውም፣ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ሞክሩት። ኤፍ 2 ወይ 1.8 የሚከፈት ሌንስ ግጠሙ፣ አንድ ሜትር ተኩል ላይ የሆነ ነገር አስቀምጡ፣ እኔ ረከቦት ላይ ያለ ሲኒ ነው ያረግኩት፣ ከሲኒው ኋላ ራቅ ብሎ አምፖል ይብራ። በቪውፋይንደር እያያችሁ የሄሊዮሱን አፐርቸር (የብርሃን መግቢያ ቀዳዳውን) ከ2 ወደ 2.8 አዙሩት። አዲስ ሌንስ ከሆነ 2.8 ላይ አርጋችሁ ማውንቱ (ሌንሱ የሚገጠምበት ቦታ) አጠገብ ያለችውን የዴፕዝ ኦፍ ፊልድ ማያ ቁልፍ ተጫኑ። ምን ተለወጠ? ምንም ማለት ይቻላል። ብርሃኑም ያው፣ ከኋላ ያለው የአምፖሉ ክብም ያው። አሁን ሁለት ፎቶ አንሱ፣ አንዱን በሰፊው አንዱን በ2.8፣ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ክፈቱት። የአምፖሉ ክብ ይለያያል። ሴንሰሩ (ፎቶውን የሚይዘው ክፍል) ያየውን ልዩነት ዓይናችሁ አላየውም፣ ዓይናችሁ ስለደከመ ሳይሆን ስክሪኑ ስላላሳየው ነው።

ምክንያቱም የዘመኑ ስክሪን የተሰራው ለኪት ሌንስ ነው፣ ለዛች 18-55 ኤፍ 3.5-5.6 ለሁላችንም ከካሜራው ጋር ለምትሰጠን። እሷ ጨለማ ስለሆነች ስክሪኑ እንዲበራ ላዩ በጣም ደቃቅ ሌንሶች የተነጠፉበት ሆኖ ይሰራል፣ እነሱ ብርሃኑን እንደ ድሮው ብርድ (ደብዘዝ ያለ) መስታወት አይበትኑትም፣ ቀጥ አርገው ወደ ዓይን ይሰዱታል። ደስ የሚል ብሩህ ቪውፋይንደር ይሰጣል። ዋጋው ግን ከሰፊ ሌንስ ዳር ዳር በሰያፍ የሚመጣው ብርሃን ዓይን ጋ ሳይደርስ መቅረቱ ነው፣ ስለዚህ 1.8 ብትገጥሙም 1.4 ብትገጥሙም የምታዩት በግምት የኤፍ 2.8 ምስል ነው። በቁጥር እንየው። 50 ሚሊሜትር ሌንስ በ1.8፣ በ60ዲ ሴንሰር፣ 1.5 ሜትር ላይ ላለ ሰው ጥርት የሚለው ጥልቀት በጠቅላላው 6 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። በ2.8 ደግሞ ወደ 9.5 ይጠጋል። እንግዲህ ቪውፋይንደሩ «ገብቷል» የሚላችሁ ቦታ ፎቶው ላይ በርግጥ ከሚገባው አንድ ተኩል እጥፍ ሰፍቷል ማለት ነው። ሰው አቀማመጡን ትንሽ አስተካክሎ ወደፊት ዘንበል ካለ እኮ ያቺ 6 ሴንቲሜትር አለቀች።

ይሄ ነገር የገባኝ ሰበታ አንድ የዘመድ መልስ ላይ ነው። የሙሽራዋን አያት በር ላይ ወንበር አስቀምጠን፣ ከጎን በሚገባው የከሰዓት ብርሃን፣ በሄሊዮሱ አነሳኋቸው። በቪውፋይንደር ዓይናቸው ጥርት ብሎ ይታየኝ ነበር፣ እምላለሁ። ማታ ስከፍተው የነጠላቸው ጥለት ክር በክር ይቆጠራል፣ አረንጓዴው የት ጋ ቢጫውን እንደሚያቋርጥ ሳይቀር ይታያል፣ ዓይናቸው ግን በጭስ ውስጥ እንዳለ ነው። አስራ ምናምን ፎቶ አንስቼ ሶስት ነው የተረፈኝ። ከዛ በኋላ ወር ሙሉ «ልምምድ» አልኩና ድመቷንም ሲኒውንም ሳነሳ ከረምኩ፣ ልምምዱ ምንም አላሻሻለውም ማለት አልችልም፣ ግን የማይታይን ነገር መለማመድ አይቻልም።

የዜኒቱ ነገር። እውነት ነው የዜኒት-ኢ ስክሪን ስፕሊት የለውም፣ ተራ ብርድ መስታወት ነው። ግን እኮ ነጥቡ እሱ ነው! ተራ ብርድ መስታወት ብርሃኑን ይበትናል፣ ስለዚህ ጨለም ይበል እንጂ የሌንሱን እውነተኛ ብዥታ ያሳያል። አጎቴ ሁልጊዜ ኤፍ 2 ላይ ከፍቶ ፎከስ ያረግና ከዛ ሁለተኛዋን ቀለበት አዙሮ ዘግቶ ነበር የሚያነሳው፣ 8 ወይ 11 ላይ። በ11 ያነሳ ሰው ደግሞ ትንሽ ቢስት ማን ያውቅበታል። ስለዚህ «አባቶቻችን ስክሪን አልቀየሩም» የሚለው ትክክል ነው፣ መቀየር አላስፈለጋቸውም፣ የነሱ ስክሪን ከመጀመሪያውም ለእጅ ፎከስ የተሰራ ነበር።

ጽሑፉ ያልነካው ግን እኔን የሚጎዳ ነጥብ ስላለ ራሴ ላምጣው። የድሮ ጥሩ ካሜራ ቪውፋይንደር ትልቅ ነው። የኦሊምፐስ ኦኤም-1 ማጉያው 0.92 ነው፣ ያውም በሙሉ የ35 ሚሊሜትር ፍሬም። የ60ዲ 0.95 ተብሎ ይጻፋል፣ ግን ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ለ1.6 ስታካፍሉት 0.59 ይመጣል። ባለ 0.80 የሆነው 1100ዲ ደግሞ 0.5 ላይ ይወርዳል፣ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። ምንም ዓይነት ስክሪን ቢገባ ይሄን አያሳድገውም። ሌላም አለ፣ 600ዲ ወይ 1100ዲ ለያዘ ሰው ካኖን ራሱ የሰራለት ተለዋጭ ስክሪን የለም፣ 7ዲና 5ዲ ማርክ 3 ላይም በተጠቃሚ የሚቀየር ተብሎ አልተሰራም። ለነዚህ ሰዎች የጸሐፊው ምክር ያስኬዳል።

ስለ ዳዮፕተሯም ልክ ናቸው። ቪውፋይንደሩ አጠገብ ያለችው ትንሽዬ መዘውር ቦርሳ ውስጥ እየተሻሸች ትዞራለች፣ ሰው ግን ዓይኔ ደከመ ብሎ መነጽር ቤት ይሄዳል። ሌንሱን ወደ ሰማይ ወይ ነጭ ግድግዳ አርጋችሁ ስክሪኑ ላይ ያሉት የፎከስ አራት ማዕዘኖች ጥርት እስኪሉ አዙሯት፣ ሰው ወይ ዕቃ እያያችሁ አታስተካክሉ። ይሄን ሳያረግ ስክሪን የሚገዛ ሰው ካለ በርግጥ ብሩን ጥሏል።

«ይጨልማል» ለሚለው፣ አዎ ይጨልማል። እኔ ያስገባሁት ካኖን ለ60ዲ የሰራው ኢኤፍ-ኤስ የሚባለው ስክሪን ነው (ኢኤፍ-ኤስ ከሚባሉት ሌንሶች ጋር በስም ነው የሚገናኘው፣ ሻጩ ራሱ ተምታቶበት ሌንስ ሊያሳየኝ ነበር)። ካኖን ራሱ ይሄን ስክሪን ለኤፍ 2.8ና ከዛ በላይ ሰፍተው ለሚከፈቱ ሌንሶች ነው የሚለው። በ18-55 ጫፍ 5.6 ላይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ክርስትና ስታነሱ ዋሻ ነው የምታዩት። ግን ጸሐፊው ጨለማውን እንደ ጉድለት ብቻ ነው ያቀረቡት፣ እሱ እኮ ክፍያው ነው፤ ብርሃኑ ስለተበተነ ነው የጨለመው፣ ስለተበተነ ነው ብዥታው በእውነተኛ መጠኑ የታየው። በሄሊዮሱ ስመለከት ፊት ላይ ቀለበቱን ሳዞር ጥራቱ መጀመሪያ አፍንጫ ላይ ያርፋል፣ ከዛ ሽፋሽፍት፣ ከዛ ጉትቻ፣ እያንዳንዱን ለየብቻው አየዋለሁ፣ ድሮ ሶስቱም ባንዴ ነበር «የገቡት»።

ስፕሊት የሚባለው ሌላ ዓይነት ነው፣ መሃሉ ላይ ለሁለት የተከፈለች ክብ አለችው፣ ፎከስ ካልገባ የበሩ መቃን ተሰብሮ ይታያል፣ ሲገባ ይጋጠማል። ዓይን ብዥታን ከመለካት ይልቅ የተሰበረ መስመርን መለየት ስለሚቀለው ፈጣን ነው። ችግሩ ከ5.6 አካባቢ ጀምሮ ከክቧ ግማሹ ይጠቁራል፣ ደግሞ መስመር የሌለው ነገር ላይ፣ የሕፃን ጉንጭ ላይ በሉት፣ የሚጋጠም ነገር አታገኙም። ጸሐፊው «ጊዜው ያለፈበት» ብለውታል። ለኔም ምርጫዬ አይደለም፣ ግን ጊዜው ስላለፈ ሳይሆን ከታች በምነግራችሁ ምክንያት ነው።

አሁን «አውቶፎከሱ ይበላሻል» ወደሚለው፣ ይሄኛው በቃ ስህተት ነው። አውቶፎከስ በስክሪኑ አያልፍም። ትልቁ መስታወት መሃሉ በከፊል ብርሃን ያሳልፋል፣ ያለፈው ብርሃን ከኋላው ባለ ትንሽ መስታወት ወደ ታች ይታጠፍና ካሜራው ወለል ላይ ወዳለው የፎከስ ሴንሰር ይሄዳል። ስክሪኑ ጣሪያው ላይ ነው፣ አውቶፎከሱ ወለሉ ላይ። ቆርቆሮ ስለቀየርክ ሲሚንቶው ተሰነጠቀ እንደማለት ነው። አንዳንድ ርካሽ ስክሪኖች ላይ የፎከስ ነጥቦቹ ምልክት ላይኖር ይችላል፣ ያኔ የት ጋ ፎከስ እንዳረገ አታዩም፣ እሱ ያናድዳል፣ ግን መበላሸት አይደለም።

ላይት ሜትሩ ላይ ግን ግማሽ እውነት አላቸው። የ60ዲ ሜትር ከላይ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ያረፈውን ብርሃን ነው የሚያነበው፣ ስክሪን ሲቀየር ንባቡ ይቀየራል። ካኖን ግን ይሄን አስቦበታል፣ ሜኑ ውስጥ ካስተም ፈንክሽን ላይ የትኛው ስክሪን እንደገባ ትመርጣላችሁ፣ አለቀ። ጸሐፊው ይሄን አለመጥቀሳቸው ገርሞኛል። ሌላ ድርጅት የሰራው ስፕሊት ከሆነ ግን የሚመረጥ ነገር ስለሌለ በተለይ ስፖት ሜትሪንግ (መሃሏን ትንሽ ቦታ ብቻ መለካት) ላይ ይዋሻል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ላይቭ ቪው ላይ ሜትሩ ከዋናው ሴንሰር ስለሚያነብ ያንኑ ግድግዳ በሁለቱም አይታችሁ ልዩነቱን መያዝ ነው።

አረንጓዴዋ ነጥብ፦ መጀመሪያ ነገር ካኖን ላይ አሮጌ ሌንስ ስትገጥሙ አዳፕተሩ ቺፕ ከሌለው ነጥቧ አትበራም። ቺፕ ካለው ትበራለች፣ ግን ቀለበቱን ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ ወዲያው አትጠፋም፣ በርታ የምትቆይበት ክልል አለ፣ ሰፊ ሌንስ ላይ ያ ክልል ራሱ ከዓይን እስከ ጆሮ ሊሆን ይችላል። ደግሞ የምትሰራው ዘጠኙ የፎከስ ነጥቦች ባሉበት ቦታ ብቻ ነው፣ ሰውየው ፍሬሙ ጥግ ላይ ከሆነ መሃል ላይ ፎከስ አርጎ ካሜራውን ማዞር አለ፣ በ5 ሴንቲሜትር ጥልቀት እሱም ያስታል።

ላይቭ ቪው ላይ ግን እጅ እሰጣለሁ። ትራይፖድ ላይ ላይቭ ቪውን 10 እጥፍ አጉልቶ ፎከስ ማረግን የሚያክል የለም፣ ስክሪንም አይደርስበትም፣ ዕቃና ምግብ ሳነሳ እኔም እሱን ነው የምጠቀመው። ሰርግ ላይ ግን ሞክሩታ። እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ኤልሲዲው አይታይም፣ እጅ ተዘርግቶ የተያዘ ካሜራ 10 እጥፍ ሲጎላ ሁሉም ነገር ይደንሳል፣ ስታጎሉት ፍሬሙ ይጠፋችኋል፣ ፍሬሙን ስትመልሱ ሙሽራው ሄዷል። ባትሪውም ያልቃል፣ መብራት እንደፈለገ በሚሄድበት ሰፈር ደግሞ ባትሪ ቀልድ አይደለም።

የአቧራው ነገር እኔ የምፎክርበት ጉዳይ አይደለም። በጋ ላይ አለም ገናን የሚያውቅ ያውቃል፣ ከዋናው አስፋልት ወረድ ስትሉ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ደመና ነው። እኔ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ በሩን ዘግቼ፣ ወለሉ ላይ ውሃ ረጭቼ ነው የሰራሁት። ሥራው ራሱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ አብሮ በሚመጣው መቆንጠጫ ከፊት ያለውን መያዣ ሽቦ ታላቅቃላችሁ፣ ስክሪኑ ይወርዳል፣ በጆሮዋ ይዛችሁ ታወጣላችሁ፣ አዲሷን በዛው ታስገባላችሁ። አቧራ ገባ? ገባ፣ ሁለት ነጥብ እስካሁን አለች። ቪውፋይንደር ላይ ትታያለች እንጂ ፎቶ ላይ አትወጣም፣ ስክሪኑ በሌንሱና በሴንሰሩ መሃል አይደለማ። በብሎወር ንፉት፣ ካልሄደ ተዉት። በጨርቅ እንዳትነኩት! ፕላስቲክ ነው፣ መስታወቱም ቅቡ ከፊት ነው ያለው፣ ሁለቱም ማሻሸት አይወዱም። ይሄን የማውቀው የመጀመሪያ ስክሪኔን በመነጽር ጨርቅ ጠርጌ እንደ ፀጉር ያለ ጭረት ስላወጣሁበት ነው።

የመጀመሪያ ስክሪኔ ስል፣ ከላይ እነግራችኋለሁ ያልኩት ይሄ ነው፣ ጸሐፊው ቢያነሱት ኖሮ መልስ የሚያሳጣኝም ይሄ ነበር። መጀመሪያ የገዛሁት ርካሽ ስፕሊት ነበር፣ ለሌላ ካሜራ ከተሰራ ስክሪን በልክ የተቆረጠ። ክቧ ውስጥ መስመሩ ግጥም ይላል፣ ፎቶው ግን ይስታል። የልብስ ሰፊ ሜትር ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ትራይፖድ ላይ ሆኜ፣ በሰያፍ 30 ቁጥር ላይ ፎከስ አርጌ አነሳሁት፣ ጥርት ያለው 35 ሆነ። ደገምኩት፣ 35። ምክንያቱ ከሌንሱ እስከ ስክሪኑ ያለው ርቀት ከሌንሱ እስከ ሴንሰሩ ካለው ጋር እኩል መሆን አለበት፣ የተቆረጠው ስክሪን ውፍረቱ ከዋናው ትንሽ ተለየ። ትንሽ ስል የምሬን ነው፣ 0.1 ሚሊሜትር፣ ማለትም የአንድ ፎቶኮፒ ወረቀት ውፍረት ያህል ልዩነት፣ በሄሊዮሱ 1.5 ሜትር ላይ ፎከሱን 6 ሴንቲሜትር ያህል ያሸሸዋል። በኤፍ 2 ያለችን ጥልቀት ደግሞ 5 ናት። ሺም የሚባል ስስ ማስተካከያ አብሮ ማስገባት ወይ መቀነስ ነው መፍትሄው፣ እኔ ሁለት ምሽት ታግዬበት ተውኩት። ከዛ ነው አሜሪካ ያለ የጓደኛዬ ወንድም ሲመጣ ኢኤፍ-ኤሷን ይዞልኝ የመጣው፣ ገባች፣ 30 ላይ ፎከስ አርጌ 30 አገኘሁ። ስለዚህ «ማንኛውንም ስክሪን ግዙ» እያልኩ አይደለም፣ የገዛችሁትን ግን በሜትር ሳትፈትኑ ሰርግ እንዳትሄዱ።

የቀረው የብሩ ነገር ነው። «በዛ ብር ሌንስ ግዛ»፣ የትኛውን? ሃምሳ 1.8 ከሆነ በአውቶፎከስ ለሚያነሳ ሰው ግሩም ነው፣ አውቶፎከስ የምትጠቀሙ ከሆነ ስክሪን ምን ያረግላችኋል፣ ኪት ሌንሳችሁን ነው የሚያጨልምባችሁ፣ እዚህ ላይ ጸሐፊውና እኔ አንድ ነን። ግን የኔ ጥያቄ አሮጌ ሌንስ በእጅ ስለመጠቀም ነው፣ እዛ ላይ የዛች የርካሿ 50 ቀለበት ጫፍ ላይ ያለች ቀጭን ነገር ናት፣ በጣት ንክኪ ስታልፋችሁ ታውቃላችሁ፣ የሄሊዮሱ ግን ብዙ ዞሮ ነው ትንሽ የሚንቀሳቀሰው። ዕቃ ከውጭ ማስመጣት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላሩ ወዴት እንደሄደ እያየን ከበድ እንዳለ አልክድም። ሚረርለስ? አዎ፣ ሚረርለስ ላይ ይሄ ክርክር ራሱ የለም፣ ቪውፋይንደሩ የሚያሳየው ሴንሰሩ ያየውን ነው፣ ዓይን ላይ እንዳለ ማጉላትም አለው። የሚገዛልኝ ካለ ስልኬ ክፍት ነው።

ጭረት ያለባት ስፕሊቷ መሳቢያ ውስጥ በሳጥኗ አለች። 60ዲ ያለው፣ በሺም መታገል የማይሰለቸው ሰው ካለ አለም ገና መጥቶ በነጻ ይውሰዳት፣ ሜትሩን ግን የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ንብረት ስለሆነ መልሼለታለሁ።